ውሃ ልክ

ዘጠነኛው ቤት ነው። ስምንቱን አይተናል፤
አንዱ ዋጋው ንሮ፣ አንዱ አምልጦናል፣
አንዱ ድመት ድመት ይሸታል፣ የአንዱ ጣሪያ ዘሟል፣
አንዱን፣ አይቶት የማያውቅ ሰው፣ በጥሬ ገንዘብ ወስዷል።

በሄድኩበት ሁሉ ውሃ ልክ ከኪሴ አይጠፋም።
ሃያ ዓመት የሰው ወለል ሴራሚክ ያነጠፈ ሰው
ዓይኑን አያምንም፤ የሚያምነው በብልቃጥ ያለችውን አረፋ ነው።
ትርሲት ታፍርብኛለች። "እንደ መርማሪ ፖሊስ!" ትላለች፣
አንድ ዓይኔን ጨፍኜ መሬት ስተኛ፣ ፊቷን ታዞራለች።

ከስልሳ ዘጠነኛ ጎዳና፣ ባቡሩ ከሚያልቅበት፣
ዐሥራ አራት ደቂቃ በእግር፣ ዳገቱን ሲወጡበት፣
ቀይ ጡብ፣ አንድ ግድግዳ ከጎረቤት የሚጋራ መንታ ቤት።
አፐር ዳርቢ። ታውንሺፕ ይሉታል፤ ከተማ አይሉት ገጠር፣
ሰማንያ ምናምን ሺህ ሰው የታጨቀበት ሰፈር።
ቆሻሻ ማክሰኞ እንደሚነሣ ምሰሶው ላይ ተለጥፏል
በሰባት ቋንቋ፤ የእኛ የለበትም፤
ቢሆንም ማክሰኞ ለማንም ማክሰኞ ነው፣ ማንንም አይዘልም።

ወለሉ ያዘነብላል። አረፋዋ ወደ መንገድ ሸሸች፤
"ይህም አይሆንም" አልኩ። ትርሲት ግን ደረጃውን ወርዳለች።
"ና እስቲ!" አለች ከምድር ቤት።
ኖራው በተላጠበት፣
የእርሳስ መስመሮች አሉ፤ በየመስመሩ ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት፣
የእጅ ጽሑፉ ንጹሕ፣ እንደ ሒሳብ መምህር።
አብዛኛው ከቁርጭምጭሚት በታች፤ ከጉልበት ከፍ ይላል አንዱ መስመር፤
አጠገቡ "ቦይለሩ ሞተ"። ሌላው ጋ፣ "ፓምፑ ሠራ፣ እግዜር ይስጠው"።

ደላላችን ሻፊቁል እጁን ግንባሩ ላይ ጫነ፤
"አንድ ጋሎን ቀለም! ሃያ ዶላር!" አለ፤ ከልቡ አዘነ።
ሚስስ ዱጋን ደረጃው ላይ ቆማ ትሰማናለች፣
ኮቷን ቤት ውስጥ ለብሳ፣ እንግዳ ትመስላለች።
"ጄራርድ ነው የጻፈው፤ ልቀባው ብዬ ቀለም ገዝቼ ነበር፤
ግን ውሃው ቀለም አያፍርም። ለሚመጣው ሰው ማን ሊነግር?"

ስምንት ቤት አይቼ፣ ስምንቴ ሸተተኝ አዲስ ቀለም፤
ከኋላው ምን እንዳለ የነገረኝ አንድም ግድግዳ የለም።
የዘመመ ወለል ይቃናል፤ እሱ የእኔ ሙያ፤
ለውሸታም ግድግዳ ግን የለኝም መለኪያ።

ክሎዚንግ በሉት ርክክብ፣ ስልሳ ሰባት ጊዜ ፈረምን፤
ሠላሳ ዓመት ዕዳ። ጠበቃዋ ከረሜላ ሰጠችን።
ወረቀቱ "ባለቤት" ይለኛል። ትርሲትን አየኋት፤ እስካሁን
በዚህ ቃል የምጠራው እሷን ብቻ ነበር፤ ባንኩም ሊጋራን።

በመጋቢት ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ።
በሌሊት ወርደን ቆምን፤ ካልሲያችን ረጠበ።
ከግድግዳው ማዶ ሰው አንኳኳ፤ ሁለቴ፣ ቆይቶ አንዴ።
ሚስተር ታርዌ ነው፣ ላይቤሪያዊው። በመዶሻ እጄታ
መለስኩለት፤ ሌላ ቋንቋ ምን ሊረባ?
የእሱም ቤት የእኛም ቤት፣ ውሃው ከአንድ ቦታ ነው የሚገባ።

ጎሕ ሲቀድ ጎደለ። ትርሲት እርሳስ አነሣች፣
ከጄራርድ የመጨረሻ መስመር ሁለት ጣት ዝቅ ብላ አሰመረች።
መሣሪያዬን ዘረጋሁላት፤ "ተወው፤ ውሃ ልኩን አያጣም፤"
ቀኑንም በግእዝ ቁጥር ጻፈች። "የሚቀጥለው ሰው አያነበውም፤"
አልኳት። "መስመር ግን ቋንቋ አይፈልግም።"

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። እርጥብ ካርቶን ታቅፌ ወጣሁ።
ታርዌ ምንጣፍ ይጎትታል፤ ከማዶ በፒጃማ የወጣችው
(ስሟን ገና አልያዝኩትም) ፍራሽ ታንከባልላለች፤
በየበሩ የራሰ ነገር ተደርድሯል፣
መኪናው ከታችኛው መንገድ ሲያጓራ ይሰማል።