ቁጥር አራት መቶ ዐሥራ ሰባት

በዌልስ፣ ሸለቆው በክረምት ሁለት ሰዓት ብቻ ፀሐይ በሚያይበት፣
ከሰፈሩ ጀርባ አንድ ጥቁር ኮረብታ አለበት።
እግዜር አልሠራውም።
ኤምሪስ ነው የሠራው፤
ዐርባ አንድ ዓመት ሙሉ በሽቦ ገመድ ላይ ባልዲ እያሳፈረ፣
ከከሰሉ የተረፈውን ጥራጊ ከላይ እየከመረ።

ጉድጓዱ ተዘጋ። ባልዲው ዛገ። ገመዱን ሸጡት ለብረት።
ኮረብታው ግን ቀረ፣ ወራሽ ያጣ ንብረት፤
ዝናብ በመጣ ቁጥር ጥቁር ውሃ የሚያስታውክ፣
ነፋስ በተነሣ ቁጥር ለተሰጣ ልብስ አቧራ የሚልክ።

ቅዳሜ፣ በኅዳር፣
ሦስት መቶ ችግኝ መጣ በወተት አመላላሹ መኪና።
ሰማዩ አካፋ፤ ሰዉም አካፋ አነሣ።
አውቶቡስ ነጂው ታልቪን ከነልጆቹ፣ ከነውሻው፤
ግዌኒትም፣ ጡረታ ወጥታ እንኳ ነርስነቷ ያልተኛ፣
ቆንጥራ አሸተተች፤ "አፈር አይደለም" አለች፤
"አፈር መሆን ያቃተው በሽተኛ።"
ስለዚህ በየጉድጓዱ አንድ ጭብጥ የፈረስ ፍግ፣
ዙሪያውን የፕላስቲክ ቱቦ፣ እንዳይቀነጥበው በግ።

መዝገብ ያዥዋ ኔሪስ ናት፣ ገና የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ፤
ሃምሳ ሰባት፣ በርች። ሃምሳ ስምንት፣ ጥድ።
አትቸኩልም፤ አትዘልልም።

ኤምሪስ ለብቻው ይቆፍራል። ሁለቴ ይሰነዝራል፤ አንዴ ያስላል።
"ዕረፍ" ሲሉት፣
"ያራገፍኩት እኔ፤ ማን ሊያነሣልኝ ይችላል?" ይላል።

በሦስተኛው ጉድጓድ አካፋው ጢን አለ።
ጎንበስ ብሎ አነሣ፤ በአውራ ጣቱ ጠረገ፤
የናስ ምልክት፣ ክብ፣ የሣንቲም ያህል፣
አራት መቶ ዐሥራ ሰባት።

ያኔ ወደ ጉድጓድ የሚወርድ ሁሉ አንድ ይወስዳል፣ ሲወጣ የሚመልሰው፤
ምሽት ላይ ሚስማሩ ባዶ ከሆነ፣ ከታች አለ አንድ ሰው።

ኤምሪስ ቁጥሩን ያውቀዋል። ስም አልጠራም።
በየትኛው ባልዲ ጭኖት እንደነበር፣
በየትኛው ማክሰኞ፣ እያፏጨ፣ ሻዩን እያሰበ፣
ማን ያውቃል?

ናሱን ከጉድጓዱ ግርጌ አኖረ።
የአልደር ችግኝ አቆመበት። በተረከዙ ረገጠ፤ ቀስ ብሎ።
"ስንት ልበል?" አለች ኔሪስ።
"አራት መቶ ዐሥራ ሰባት።"
"ገና ሃምሳ ዘጠኝ ነን እኮ!"
"ጻፊው።"

መዝገቡ እስከ ዛሬ እንዲህ ይላል፦
ሃምሳ ስምንት፣ አራት መቶ ዐሥራ ሰባት፣ ሃምሳ ዘጠኝ።

በሚያዝያ ሲቆጠር ሰማንያ አንዱ ደርቋል፤
ውርጩ ቱቦውን ነቅሏል፤ በጉም አጥሩን አልፎ ዘልቋል።
ያ አልደርም እንዲሁ፤ ቱቦው ውስጥ አንድ ጥቁር ጭራሮ።
ኤምሪስ ምንም ሳይል ወደ ቤቱ ወረደ።
ከረፋዱ ተመለሰ፣ ሌላ ችግኝ በኮቱ ውስጥ አቅፎ።

ኔሪስ መዝገቧን ገለጠች፤ ላጲስ አወጣች።
"ተይው" አላት፤
"ዛፉ ነው የተለወጠ።"
ሰማዩ አካፋ። አካፋውን ተመርኩዞ ቆመ፣
ትንፋሹ እስኪመለስ።