ከደሴት ነኝ

«ከየት ነሽ?» ይሉኛል፣ ከዚራ ጥላ ሥር፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ፤
«ከደሴት» እላለሁ።
«ወሎዬ ነሽ በይኛ! ደሴን አውቃታለሁ»
ይላል አንዱ ፈጥኖ።
ደሴ አይደለም፣ ወንድም፤ «ት»ዋን አትዋጣት፣
ዘጠኝ ቤት ናት ያለችኝ፣ ፊደሏን አትንሳት።

ባሕር የለባትም።
በቀኟ አሸዋ ነው፣ በግራዋም አሸዋ፤
ሁለት ደረቅ ወንዞች ከላይ ተለያይተው፣
ከታች ይገጥማሉ፣ መንደሯን መሃል ትተው።
ባቡሩ ከድሬ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ
አምስት ደቂቃ ያህል እኛ ጋ ነበረ ላቡ የሚበርድ።

ውሃችን በፉርጎ፣ ማክሰኞና ዓርብ።
ጀሪካን ከሰው ቀድሞ ይሰለፍ ነበረ፤
ቢጫው የእነ ሮዳ፣ ክዳን የለሹ የእኛ፣
እጀታው በሽቦ የታሰረው ደግሞ፣ ከሁሉ መጨረሻ፣
የሽማግሌው ሮብሌ።

ሮብሌ ማለት በቋንቋው «ባለ ዝናም» ነው፤
እናቱ በዶፍ ቀን አምጣ የወለደችው።
ከዚያ ወዲያ ሰማይ «ዕዳዬን ከፈልኩ» ያለ ይመስል፣
ጠብ አላለም ይላል፣ ሲስቅም፣ ሲምል።
ጎረምሳ ሳለ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸክሟል፤
ባሕርን ከእኛ መሃል እሱ ብቻ አይቷል።
«ስንት ያህል ነው?» ስንለው
እጁን ይዘረጋል፣ ይለካል፣ ይለካል፣
አልበቃ ሲለው ግን መልሶ ያጥፈዋል።

መድኃኒት ይዘገያል፣ ደብዳቤ ይጠፋል፣
መምህር ይመደባል፣ በሦስተኛው ሳምንት ሻንጣውን ይዘጋል።
ቀጠሮ አክባሪ የጫቱ መኪና፤
ከአወዳይ ተነሥቶ፣ ጥሩምባውን ነፍቶ፣ ልክ በዘጠኝ ሰዓት፤
ሰዓት የሌለውም በሱ ነበር የሚሞላው የሌለውን ሰዓት።

አንድ የነሐሴ ሌሊት፣
ኮከብ እንደ ጨው ፈስሶ፣ ደመና ሳይኖር፣ ነፋስ ሳይነፍስ፣
ከደንገጎ ወዲያ የዘነበ ዝናም መጣ እኛን ሊያርስ፤
የሰው ማሽላ ጭኖ፣ የሰው አጥር ጭኖ፣
እንደ ፉርጎ ሰንሰለት በጨለማው ጮኾ።
አባቴ ወርዶፋ ባቡር መስሎት ወጣ፣ ፋኖሱን አንሥቶ፣
ደወሉን ደወለ፣ ደንቡን አስታውሶ።
በየትኛው ሀዲድ ሊያሳልፈው ኖሯል?

ነጋ። ደሴት ሆንን።
ስድስት ቀን ሙሉ ቀይ ውሃ ዙሪያችን፤
በነጠላ አጥልለን፣ በእሳት አፍልተን፣ አፈሩን ጠጣን።
ልጆች ጫማቸውን መርከብ አደረጉት፤
የሮዳ ግራው ሄደ፤
ቀኙ እስከ ዛሬ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ጓዱን ይጠብቃል።
ዱቄት በብርጭቆ ተለካ። አንዲት የምትታለብ ፍየል
የዘጠኝ ቤት ፍየል ሆነች።

በአራተኛው ቀን ጥሩምባ ተሰማ።
ሾፌሩ ከማዶ
አንድ ትልቅ እስር፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ፣
እንደ ወንጭፍ አዙሮ ወረወረ።
አየር ላይ እያለ ወንዱ ሁሉ አንገቱን አቀና፤
ጎርፉ መሃል አርፎ፣ ተንሳፎ፣ ቀስ ብሎ
ወደ በረሃው ነጎደ።
ማንም አልተናገረ።
ሮብሌ ነው ያኔ ጉሮሮውን የጠረገው፤
«ባሕር እንዲህ ነው» አለ፣
«ይሄን ነበር በእጄ ልለካላችሁ የፈለግሁት።»

በሰባተኛው ቀን አሸዋው ውሃውን ዋጠና አፉን ጠረገ።
ባቡሩም እንደዚያው፤ አንድ ዓርብ ቀረ፣ የሚቀጥለውም ቀረ፤
ቀረሁ ብሎ የነገረን ግን አልነበረ።
አሁን አዲሱ ከጉብታው ወዲያ በኤሌክትሪክ ያልፋል፤
መስኮቱ አይከፈትም፤ እጅ ብናነሣለት ለማን እንደሆነ በምን ያውቃል?

ስድስቱ ቤት ባዶ ነው።
አባቴ ግን አለ።
ኔትወርክ የሚገኘው ውሃ በሌለው ታንከር አናት ላይ ነው፤
በሰባ ዓመቱ መሰላል ይወጣል፣
ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ጀሪካኑን ደርድሮ ሲያበቃ።
«ባሕሩስ እንዴት ነው?» እለዋለሁ።
ነፋስ ስልኩ ውስጥ ይገባል። ዝም ይላል ጥቂት፤
ዙሪያውን የሚያይ ይመስለኛል።
«ዛሬ ጸጥ ብሏል» ይለኛል።