ማጣራት

ዉች በሚሉት ከተማ፣ በፖላንድ መሐል፣
ወንዝ ከነነፍሱ አስፋልት ሥር ተቀብሯል።
ትራም ሲያልፍ በላዩ ትንሽ ያጉረመርማል፤
መንገደኛው ግና ሆዱ መስሎት ያልፋል።

ወይዘሮ ቦጉሚዋ ታውቀዋለች ድሮ፣
ደረቱ ሳይዘጋ፣ በኮንክሪት ታጥሮ።
ቀኑን የምትለየው በካላንደር ሳይሆን
በወንዙ መልክ ነበር፦ ቀይ ከሆነ ሰኞን፣
ሰማያዊ ሐሙስን፤ ዓርብ ጥቁር ሲሆን
«ለዓሣው ነው ሐዘኑ» ይሏት ነበር ያኔ።
«ዓሣ የሚባል ነገር አላየም ይህ ዓይኔ፤
ቀለም አልቆጠርኩም፣ ነከርኩ እንጂ እኔ»
ትላለች ስትስቅ። ሠላሳ አንድ ዓመት
ጋን ውስጥ የከረመ እጇን ላየው በውነት፣
ከቀኝ አውራ ጣቷ፣ ከጥፍሯ ሥር ገብቶ
ያ የሐሙስ ቀለም ቀርቷል ቤቱን ሠርቶ።

ፋብሪካው ተዘጋ። ወንዙም ተከደነ።
«ጠራ» ያሉም ነበሩ፣ እድፉ ስለተሸፈነ።
ዝናብ በዘነበ፣ የጎማ ትቢያውን፣
የመኪና ዘይቱን፣ የውሻ ኩሱን
ጠራርጎ ያወርዳል፤ ቱቦው ሲጠግብ ደግሞ
ያስመልሰዋል ኩሬው ላይ፣ ከዳክዬው ፊት ቆሞ።
ሰፈሩ አቤት አለ። «ጉዳዩ ይጣራ»
ተብሎ ተመራ፤
ኮሚቴ ከኮሚቴ እየተጣራራ
ሃያ ዓመት ሞላው፤
ውኃውም አልጠራ፣ ነገሩም አልጠራ።

አንድ የጸደይ ጠዋት፣ ጢሙ ገና ያልጠና
ዶብሮስዋፍ የሚሉት መሐንዲስ መጣና
ስድስት መኪና ማቆሚያ በአንድ ቀን አስቆፈረ።
አቶ ዜሞቪት ወጣ፣ ፊቱ በርበሬ መሰለ፦
«እና መኪናዬን
የት ልትከልላችሁ? ንገሩኝ ቦታዬን!»
ማንም አልመለሰ። ጠጠር ከታች፣ አሸዋ፣ አፈር በየተራ፤
ከላይ ሸምበቆና ቄጠማ ተዘራ።
ከጣራው የሚወርድ አሸንዳ፣ ጉልበቱ ላይ ተቆርጦ፣
ወደ ሣሩ ዞረ፣ ከቱቦው አምልጦ።

ሐምሌ ላይ ወረደ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዶፍ።
ሲነጋ ወይዘሮዋ፣ በነጠላ ጫማ፣
የማርማላታ ጠርሙስ ይዛ ወረደችና
ከመውጫው ቀዳዳ አጎንብሳ ቀዳች፤
ወደ ብርሃን አንሥታ ዝም ብላ አየች።
«ቀለም የለውም» አለች።

ውዳሴ ይሁን እርም ማንም አላወቀ፤
ዜሞቪት እንኳ አፉን ይዞ ከመስኮቱ ራቀ።
ሃያ ዓመት የዞረ፣ በማኅተም ያረጀ፣
በሥር ተጣርቶ ነው በአንድ ሌሊት የበጀ።

እሷ ግን ጠርሙሱን አላወረደችም።
በውኃው ውስጥ አልፎ፣ ከወዲያ ማዶ የታየ
ቀለም አንድ ብቻ ነው፦
ያ የሐሙስ ጥፍሯ።