የቀረውን በቃል

የካራሜላ ቆርቆሮ፤ ክዳኑን ዝገት የበላው፣
እናቴ በማንኪያ እጀታ ታግላ የፈለቀቀችው።
ውስጡ ዐሥራ አንድ ደብዳቤ፣ በስፌት ክር የታሰረ፣
የአክስቷ የአጸደማርያም፣ ሰው ሳያየው የኖረ።
ሠራተኛ ሰፈር፣ ጠባብ ቤት፣ ጎንበስ ብላ ብቻዋን
የሰው ልብስ ስትሰፋ ነው የጨረሰችው ዕድሜዋን።

ዐሥሩ ሰላምታ ናቸው፤ ከራስጌ እስከ ግርጌ ሰላምታ።
«እጅግ የተከበርሽ ሆይ፣ ለጤናሽ እንደምን ባጀሽ? እኔ ይመስገን ጌታ
ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ…» ገጹ በዚሁ ያልቃል።
ዘውገ ነው ጸሐፊው፤ ድሬዳዋ ባቡር ይጠግናል፤
ፊደሉ እንደ ሐዲድ ቀጥ ያለ፣ አራት ነጥቡ እንደ ብሎን የጠበቀ፣
ለምስጋና የተጋ፣ ለምስጢር ግን የተጠነቀቀ።

ዐሥራ አንደኛው አጭር ነው። ሰኔ ፲፬ ቀን ፲፱፻፵፫።
«ይህን ወረቀት የያዘው ሮባ ወዳጄ ነው።
መንገድ አድክሞታልና ውሃ ስጪው።
የቀረውን በቃል ይነግርሻል።»

የቀረውን!

ወረቀቱ በአራት ታጥፏል፤ መታጠፊያው ላይ ሳስቷል፤
ጥጉ ላይ የላብ እድፍ አለ፤ የሮባ ደረት ይመስላል።

ነገራት። ሰማች። ለማንም ግን አልተነፈሰች።
በአራተኛው ቀን የስፌት መኪናዋን ሸጠች፤
ደረሰኙ ይኸው፦ ሰማንያ ብር፣ ከነመርገጫው፤
የገዢው ስም አይነበብም፤ ምስክሩ የጣት አሻራ ነው።
አጎቴ ልሳኑ «ዘውገ ቁማር ተበልቶ ነው» ይላል፤
እትዬ ስንዱ «ስለት ነው» ትላለች፤ ሁለቱም ይምላል።
እናቴ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የያዘችው አንድ ነገር፦
ከዚያ ክረምት ወዲያ አክስቷ በእጇ ትሰፋ ነበር፤
በር በተንኳኳ ቁጥር መርፌው ከጣቷ ይወድቃል፤
«ፈልጊልኝ» ትላታለች፤ ልጅቱም ወለሉን ትዳብሳለች።

እኔም ይኸው እዳብሳለሁ።

ልብ ወለድ ልጽፍ ነው። አንድ ቅዳሜ፣ ዝናብ ሊጥል ሲል፣
ከለገሃር ተነሣሁ በእግሬ፣ ሮባን ልሆን፣ እሱን ልመስል።
ፖስታ ቤቱ ጋ ስደርስ አንድ ጥያቄ ያዘኝ፤
የቴምብር ሳንቲም ሳያጣ ለምን በሰው አፍ ላከ? ዘግይቶ ገባኝ፦
የተጻፈን ሌላም ያነበዋል፤ የአፍ ቃል ግን ነፋስ ነው፣
ማኅተም የለው፣ ፈራሚ የለው።
የቸርችል ዳገት ያኔም ዳገት ነው፤ ጉልበት አይዋሽም፤
ሦስት ቦታ ቆምኩ፤ እሱም ሦስት ቦታ ሳይቆም አይቀርም።
ማዘጋጃ ቤቱን በዐይኔ አፈረስኩት፣ ያኔ አልነበረምና፤
የፈረሰውን ሰፈር በዐይኔ ሠራሁት፣ ያኔ ነበረና።
የቆርቆሮ አጥሩን አንኳኳሁ። ጥበቃው ብቅ አለ።
«ማንን ፈለግሽ?»
«መልእክት ነበረኝ።»
ወደ ኋላው፣ ወደ አፈር ክምሩ ዞር ብሎ አየ፤ ምንም አላለ።

በመጀመሪያው ረቂቅ ዘውገ ሌላ አግብቷል። ቀደድኩት፤ ርካሽ ነው።
በሁለተኛው ታስሯል፤ ሰማንያው ብር የጠበቃ ነው።
በሦስተኛው ሮባ፣ ሌሊቱን ባቡር ላይ ሲያንቀላፋ፣
የተነገረውን ረሳ፤ ዳገቱ ላይ ቃሉ ከአፉ ጠፋ፤
ደጇ ቆሞ፣ ዐይኗን አይቶ፣ ባዶውን መቆም አፈረና
ከራሱ ፈጠረላት።
ይህችን ስጽፍ ብዕሬን አስቀመጥኩ፤ ተነሥቼ መስኮት ከፈትኩ።

«አንቺ ልጅ፣ የሞተ አይከስም ብለሽ አክስቴን አትዋሽባት»
ያለችኝ እናቴ፣ ማታ ረቂቁን ሳነብላት
መነጽሯን አወለቀች። ሮባ በሩ ላይ ነው፤
ካፖርቱ ይንጠባጠባል፤ አፉን ሊከፍት ነው።
«ቆይ» አለችኝ፣ እጇን ወረቀቱ ላይ ጭና፦
«መጀመሪያ ውሃ ስጪው እንጂ።
ደክሞታል ተብሎ ተጽፎ የለም?»