የደቻቱ አንቀጽ

ከዚራ፣ ከጣቢያው ማዶ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ነኝ፤
አንድ እግሩ በጡብ የቆመ ጠረጴዛ አለኝ።
ዛሬ ሁለት ሰዎች አንድ አግዳሚ ተካፈሉ፦
ኢብሳ ከሐረማያ፣ ሽንኩርት ነው ማሳው በሙሉ፤
ዋይስ ከገንደ ቆሬ፣ እስከ ጅቡቲ ጫኝ።
"ወንድማማቾች ነን፣ ባጭሩ ጻፍልን" አሉኝ።
"ሠላሳ ኩንታል በሳምንት፣ ሰኞ በጧት ይደርሳል፤
ዋጋው ይኸው፤ የቀረው በመተማመን ይጨረሳል።"

ብዕሬን ከደንኩት።
"ኩንታሉ ከነጆንያው ነው ወይስ ሽንኩርቱ ብቻ?
ኋላ ነገሩ እንዳይሆን ቀልቀሎ ስልቻ።
ጧቱስ የማን ጧት ነው? ዋይስ ሱብሂ ሰግዶ ይቆማል፤
ያንተ መኪና፣ ኢብሳ፣ ረፋዱን ገና ደንገጎ ላይ ይጠመዘዛል።
ደቻቱስ?"

ሳቁ።
አሸዋው ደርቋል፤ ልጆች ኳስ ይለጉበታል፤
አንዲት ፍየል መሃሉ ላይ ካርቶን ታኝካለች።
"ሰማዩ ብራ ነው" አለ ዋይስ፣ "ምነው ክፉ ታናግረናለህ?"

ድሬ ግን ሳይዘንብባት ጎርፍ የሚመጣባት ናት፤
ደጋው ቀን ያጉረመረመው፣ ሌሊት ነው የሚደርስባት።

አባቴና ሸሪኩ አርጋው ውል ሳይጽፉ ሠሩ፤
አርባ ጆንያ ድንች ከውሃው ማዶ ቀሩ።
"ያንተ ነው"፣ "ያንተ ነው" ሲባባሉ ድንቹ በሦስት ቀን ሸተተ፤
ክሱ ዘጠኝ ዓመት ቆየ።
አርጋው ሲቀበር አባቴ ከቤት አልወጣም፤
መስኮቱን ግን አልዘጋም።

የልቃቂት ጫፉም ውል፣ የቃል ማሰሪያውም ውል፤
ከጠፋ፣ በክርም በወዳጅም፣ መቀስ ነው የሚገላግል።

ጻፍኩ፦
"አንቀጽ ሰባት። ደቻቱ ሞልቶ ጭነቱ ማዶ ቢያድር፣
የመጀመሪያው ሌሊት ብልሽት የሻጩ፣ የሁለተኛው የገዢው ይሆናል፤
በሦስተኛው፣ የተረፈው ባለበት ተሸጦ ኪሳራው እኩል ይካፈላል።"

በሁለተኛው ሌሊት ተጣሉ።
ኢብሳ ጋቢውን አራግፎ ተነሣ፤ ዋይስ መንገድ ጀመረ፤
ተመለሱ፤ እንደገና ጮኹ።
እኔ ዝም። ይጩኹ።
ሳይቃጠል በቅጠል ይሉት ይህን ነው፤
ጠብም ርካሽ የሚሆነው አሸዋው ደረቅ ሳለ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሱቆች ለሙቀቱ ሲዘጉ፣ ፈረሙ።
ዋይስ ሲሄድ ቀና ብሎ
በደንገጎ በኩል ያለውን ሰማይ አየ።

ገንዘቤን ቆጠርኩ፤ ስልሳ ብር ይጎድላል። ጠራኋቸው።
"መቼ ተነጋገርንና?" አለ ኢብሳ።
እውነቱን ነው።
የራሴን ዋጋ አልጻፍኩትም።