የነፋስ ሠራተኛ

ሥራዬ ነፋስ ነው። ስድስት ክንፍ ያለው፣
ከሰው ቁመት በልጦ በናፍጣ የሚያድረው፤
ቁልፉን ስነካው ያጓራል፣
ስንዴው አንገት ይደፋል፣ ባርኔጣ ይበራል።
በዚህ ወር ሳስካችዋን ነኝ፤ ዛፍ ብርቅ በሆነበት፣
መንገድ ቀጥ ብሎ ሰማይ በሚገባበት፣
የእህል ጎተራ እንደ ደብር ከሩቅ በሚታይበት።

አስፋልቱን አፈር አለበስነው፣
የሳተላይት ሳህኑን ከጣራ አወረድነው፣
አንድ ፎርድ ከሙዚየም ተውሰን አቆምነው፤
ሰባ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ለመሄድ ሦስት ቀን ፈጀብን።
አምሳ አንድ በፈረንጅ። አጨዳው የደረሰ ሰሞን
ዲሚትሮ የሚባል ገበሬ በገዛ ጎተራው ደጅ
በጥይት ወደቀ፤ እስከ ዛሬ አልታወቀም የማን እጅ።

«እውነተኛ ታሪክ» ይላል ፊልሙ ሲጀምር፣
ነጭ ፊደል በጥቁር።
እውነቱ ከመዝገብ ቤት የተቀዳ ነው፦
አሥራ አራት ጎረቤት፣ ተራ በተራ፣ መጽሐፉን ይዞ ማለ፤
«ነፋስ ነበር፣ ብርቱ ነፋስ፤ ተኩስም አልሰማን» አለ።
ዴልፊን፣ ዳይሬክተሯ፣ ይህን ስታነብ ደወለችልኝ፤
«የፊልሙ መሪ ተዋናይ አንተ ነህ» አለችኝ።

እነሱ ነፍስ ሲያጠፉ፣ እኔ ነፋስ ሳበራ፣
አንዱን ሰው ስምንቴ ገደልነው በተራ።
ደሙ ሽሮፕ ነው፤ የሰፈር ድመት ላሰችው፤
ተዋናዩ እየሳቀ ሸሚዝ ሲቀይር ብርድ መታው።

በአራተኛው ማታ አንዲት አሮጊት መጣች፣
ታጣፊ ወንበሯን ራሷ ተሸክማ ከሞተሬ ጎን ዘረጋች።
ኦሪሲያ። የሟች ልጅ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ።
ሦስት ጊዜ ወደቀ እያየችው አባቷ።
ትንፍሽ አላለችም።
በፔርሙሴ ክዳን ሻይ ቀዳሁላት።
ያዘችውና፣ በሌላው እጇ ማራገቢያውን እያመለከተች፦
«ይሄ ምን ይሠራል?»
«ነፋሱን፣ እማማ።»
«የቱን ነፋስ?»

ከዚያ ነገረችኝ፣ ዓይኗን ከጎተራው ሳትነቅል፤
«አባቴ ፋኖስ ይዞ ወጣ፤ እሳቱ ቀጥ ያለ፣ የተሳለ የሚመስል።
እናቴ ልብስ አስጥታ ነበር፤ አንድ እጅጌ አልተወዛወዘም።
በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ በዚያ ማዶ፣ በዚህ ማዶ፤ አልረሳውም።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…
ከተኩሱ በፊት አይደለም፣ ልጄ።
ከተኩሱ በኋላ።»

ለዴልፊን ነገርኳት። የእርሳሷን ጫፍ ነከሰች።
«ነፋስ ከሌለ ምስሉ ሙት ነው፤ ስንዴው ካልተናወጠ ማን ይፈራል?» አለች።
እውነቷን ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በዚህ እንጀራ በልቻለሁ፤
ሰው የሚንቀሳቀሰውን እንደሚፈራ አውቃለሁ።

ዘጠነኛው ቀረጻ።
በየመስኮቱ የቆሙት አጃቢዎች የመንደሩ ሰዎች ናቸው፣
በሳንድዊችና በቀን አበል የመጡ፣
የአያቶቻቸው ኮት ልክክ ያለላቸው።
«ነፋስ!» ተባለ።
እጄ ቁልፉ ላይ ነበር። አልተጫንኩም።
ወይ ጣቴ አልታዘዘኝ ይሆናል፤ እስካሁን ለራሴም አላጣራሁም።

ስንዴው እንደ ቆመ ቀረ።
ተኩሱ ከጎተራው ተነሣ፣ ሜዳውን አቋረጠ፣
የሆነ ቦታ ደርሶ ተመለሰ።
ማንም ሳያዛት አንዲት ቀይ ጸጉር ልጅ
መስኮቷን ቀስ አድርጋ ዘጋች።
ከዚያ ጎረቤቷ። ከዚያ አንድ ባለ ከዘራ ሽማግሌ።
በርዷቸው ይሆናል።
ኦሪሲያ በጣቶቿ ትቆጥር ነበር።

«ቁረጥ!» አለች ዴልፊን። «እንደገና። በነፋስ።»
የቤት ኪራይ አለብኝ። ቁልፉን ተጫንኩ።
ዞር ስል ወንበሩ የለም፤
የፔርሙሴንም ክዳን ይዛው ሄዳለች።

ፊልሙ በጥር ይወጣል።
ዲሚትሮ ሲጮኽ ጆሯችሁን ጣሉ፤
ምንም አይሰማችሁም፣ ብርቱ ነፋስ ነው።
እኔ ነኝ።