የሮብሌ ባቡር

ከዚራ፣ ኒም ሥር፣ ከበረንዳው ዳር፣
ሮብሌ ተቀምጧል ከሞረዱ ጋር።
ቀልሃ ነበረ የጭስ መውጫዋ፣
የቧንቧ ራስ ናት ያቺ ፊሽካዋ።
ስድስት ዓመቱ፣ በቀን አንድ ጥፍር፣
ናስ ሲያለሰልስ፣ ብሎን ሲቆጥር።
«ቀለም ለምኗ?» ይላል፤ «ናስን ሰው
በላብ ነው እንጂ በምን ሊያለብሰው?»

ትናንት ጨረሳት።
የልጅ ልጁ ሂቦ ጎኗን ዳሰሰች፣
«አንድ ብሎን ጎድሏል በግራ!» አለች።

ዝም አለ። ነፋስ ከደቻቱ ሜዳ
አሸዋ ጎትቶ ገባ እስከ ጓዳ።

«ተለማማጅ ሳለሁ፣ ከትልቋ ባቡር
ያቺን ሳላጠብቅ ደውሉ ተደወለ።
ሽንሌ ሳይደርሱ በላት አፈር።
ማንም እስከ ዛሬ አልጠየቀኝ» አለ።

የሂቦ ጣት ገና ከቀዳዳው አለ።